ከዚራ የሚሰጠው የማታ እንግሊዝኛ፦ አራት ማታ ለ«ጌት» ብቻ

በድሬዳዋ ከዚራ ሥራ ለሚውሉ ሰዎች የሚሰጠው የማታ የንግግር ኮርስ አራት ማታ የሚያጠፋው በአንድ ቃል ነው፤ በ«ጌት»። አልበዛም። ተማሪው ይዞት የሚመጣው «ጌት ማለት ማግኘት» የሚለው ፍቺ መድረስንም፣ መምሸትንም፣ ነገር መግባትንም አይሸፍንም።

አስተማሪዎቹ ፍቺ አያሸመድዱም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እዩ ይላሉ። ስም ከተከተለ ማግኘት ወይም መግዛት፣ ቅጽል ከተከተለ መለወጥ («ጌት ዳርክ» መጨለም)፣ ቦታ ከተከተለ መድረስ። መነሻቸው የኛው «ያዘ» መሆኑ ደግሞ ብልህነት ነው፦ ጉንፋን ይይዛል፣ ባጃጅ ይያዛል፣ ቀጠሮም ይያዛል።

ምርጡ ሁለተኛው ማታ ነው። ባጃጅ ሲሆን «ጌት ኢን»፣ ሲወርዱ «ጌት አውት»፤ አውቶቡስና ባቡር ግን «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ»። መለኪያው ቀላል ነው፦ ጎንበስ ብለው ገብተው የሚቀመጡበት «ኢን»፣ ቆመው የሚራመዱበት «ኦን»። ብስክሌትና ሞተርም ስለሚፈናጠጧቸው ከ«ኦን» ጋር ናቸው።

ስህተት ማረም ላይ ግን ይሰንፋሉ። «ጌት ቱ ሆም» ሲባል ዝም ብለው ያልፋሉ። ወደ ሳቢያን ሰፈር ሲሆን «ጌት ቱ ሳቢያን» ልክ ነው፤ «ሆም» ግን «ቱ» አይወድም፣ «ጌት ሆም» ነው። «ገባህ?» ለማለት «ዲድ ዩ ጌት?» የሚለውም «ኢት» ጎድሎታል፤ አማርኛው የገባውን ነገር ግሱ ውስጥ ስለሚውጠው ማንም ልብ አይለውም። «ጌት ማሪድ ዊዝ»ም «ከእሷ ጋር ተጋባ» ከሚለው የመጣ ነው፤ እንግሊዝኛው «ቱ» ይላል።

ትልቁ ጉድለት ሌላ ሰው ማሠራትን የሚናገረው «አስ-» ነው። «ስልኬን አስጠገንኩ» ለማለት «አይ ፊክስድ ማይ ፎን» ካሉ ፈትተው የጠገኑት እርስዎ ይሆናሉ። «አይ ጎት ማይ ፎን ፊክስድ» ነው ትክክሉ። ጠጋኙን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ከጠቀሱት ደግሞ «ቱ» ይገባል፦ «አይ ጎት ሂም ቱ ፊክስ ኢት»። ማስጠገን፣ ማሰፋት፣ ማሳጠብ፣ በየቀኑ የምንለው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ለብቻው አንድ ማታ የሚገባውን በመጨረሻው ማታ ሃያ ደቂቃ ጨርሰውታል።

መለማመጃ ወረቀቱ ላይ የእንግሊዙ «ጎት» እና የአሜሪካው «ጎተን» ተቀላቅለዋል፤ አንዱን መርጦ መያዝ ነው።

አቦ፣ ፊት ተቀመጡ። በድሬ ሙቀት ቬንትሌተሩ አይጠፋም፤ ኋላ ያለ ሰው «ጌት ኦን»ን ከ«ጌት ኦፍ» አይለይም።