ወገብ ሲይዝ ብሩ የት ይውጣ? መርፌ፣ ወጌሻ፣ ፊዚዮቴራፒና ኤምአርአይ ጎን ለጎን

እኔን ወገቤን የያዘኝ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። የምኖረው ተክለሃይማኖት አካባቢ ነው፣ ውሃ በፈረቃ ነው። "መጣ" ሲባል ተነስቼ 20 ሊትር ጀሪካን ሞላሁ። ላነሳው ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤ ቀጭ አለ። እዚያው ተንበረከክሁ። ባለቤቴ ሮጣ መጥታ "ምን ሆንክ?" ስትለኝ ለመመለስ እንኳን ትንፋሽ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አራት ወራት ያልሞከርኩት የለም። መርፌ ተወጋሁ፣ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ፣ ቀበቶ ገዛሁ፣ ፍራሽ ቀየርኩ፣ ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ በመጨረሻ ፊዚዮቴራፒ ገባሁ። ቅደም ተከተሉ ራሱ የተገለበጠ ነበር። ብዙ ብር የበላው ብዙም አልጠቀመኝም። እናንተ በእኔ ብር ተማሩ ብዬ ጎን ለጎን አስቀምጬዋለሁ። ዋጋውን በቁጥር አልጽፍም፣ ዛሬ ብጽፈው በሚቀጥለው ወር ውሸት ይሆናል። የቱ ከየቱ እንደሚወደድ ግን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር። ምንም ማነጻጸር የማያስፈልገው የወገብ ሕመም አለ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ሽንት እምቢ ካለ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር እየዛለ ከሄደ ይህን ጽሑፍ ተዉትና ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ነርቭ ሲታፈን ሰዓት ነው የሚቆጠረው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ካለ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ የሚቀር ይመስለናል እንጂ አከርካሪም ይበላል። ጥሬ ወተት የሚያዘወትር ሰውም ብሩሴሎሲስ የሚባል ወገብ የሚይዝ ኢንፌክሽን ሊኖርበት ይችላል። ካንሰር የነበረበት፣ ከፍ ካለ ቦታ የወደቀ፣ መኪና የገጨውም ሳይዘገይ ሐኪም ይየው።

ከዚህ ውጭ ያለው አብዛኛው የወገብ ሕመም፣ የቱንም ያህል ቢያስጮህ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። ይህን ያዙልኝ። ምክንያቱም በሦስተኛው ሳምንት የሄዳችሁበት ሰው ሁሉ፣ ምንም ያድርግ ምን፣ "እሱ ነው ያዳነኝ" ይባላል።

መርፌ ወይስ ክኒን?

መጀመሪያ የገባሁበት ክሊኒክ ሽንት አስመረመረኝና "ኩላሊትህን ኢንፌክሽን ይዞታል" አለኝ። እኔም አመንኩ። እኛ ሰፈር ወገብ ታመመ ማለት ወይ ኩላሊት ነው ወይ ብርድ ነው። የኩላሊት ሕመም ብዙውን ጊዜ ከፍ ብሎ ከጎድን አጥንት ሥር፣ በአንድ ጎን ነው የሚሰማው። ስትገላበጡ ወይም ስትጎነበሱ አይለዋወጥም። ትኩሳት ወይም የሽንት ለውጥ አብሮት ይመጣል። የእኔ ግን ካልሲ ሳጠልቅ ነበር የሚያስጮኸኝ። ካልሲ የሚያሳምመው ኩላሊት የለም።

አንቲባዮቲክ ተሰጠኝ፣ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌም ለአምስት ቀን ታዘዘልኝ። መርፌው አስታግሶኛል፣ አልክድም። ግን በኋላ ሳነብ መርፌውና ክኒኑ ያው አንድ መድኃኒት ናቸው። "መርፌ ጨጓራ አይነካም" የሚባለውም ልክ አይደለም። መድኃኒቱ በደም ዞሮ ጨጓራን ይደርስበታል። መቀመጫ ላይ ያለቦታው የተወጋ መርፌ ደግሞ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ለወገቡ የሄደ ሰው እግሩን እየጎተተ ሊመለስ ነው ማለት ነው። ክኒን ይረክሳል፣ ለካርድና ለመወጊያ አያስከፍልም፣ በየቀኑ ታክሲ አያሰልፍም። መዋጥ ለሚችል ሰው እኔ ክኒን እላለሁ።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣውንም አንርሳ። አድቪል ኢቡፕሮፌን ነው፣ አሊቭ ናፕሮክሲን ነው። ሁለቱም የዲክሎፌናክ ዘመዶች ናቸው። አክስቴ የላከችውን አድቪል ከዲክሎፌናክ ጋር ደርቤ ስውጥ ከርሜ ጨጓራዬ ተነሳብኝ። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ፈውሱን ሳይሆን ጉዳቱን ነው የሚያበዛው። ደም ግፊት፣ የኩላሊት ችግር ወይም የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰው አንዱንም ቢሆን ሳይጠይቅ አይዋጥ። ታይሌኖል ፓራሲታሞል ነው። ጨጓራ ላይ ይሻላል፣ ለወገብ ግን ደካማ ነው። በአንዳንድ ቦታ የሚጨመረውን ዴክሳሜታዞን መርፌ ግን "ለምንድነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ለተራ የወገብ ሕመም እንደማይጠቅም የታወቀ ነው፣ ስኳር ያለበትን ሰው ደግሞ ስኳሩን ከፍ ያደርግበታል።

ወጌሻ ወይስ ፊዚዮቴራፒ?

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ቤት የሚያጣላው ይሄ ነው። እናቴ "ወጌሻ ሳያሸው ሐኪም ቤት ምን ያደርጋል" ባይ ናት። እኅቴ ነርስ ናት፣ ወጌሻ ሲባል ፊቷ ይለዋወጣል።

እናቴ አሸነፈችና ሄድኩ። ሰውዬው ሽማግሌ ናቸው፣ እጃቸው ሙቅ ነው። ቅቤ ቀብተው ከወገቤ እስከ ባቴ አሹኝ። "ጋሼ፣ ምን ሆኜ ነው?" ብላቸው "ሥር ዞሮብህ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። ሥር መዞሩን እንጃ። ግን በዚያ ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ሕመሙ ወደ ቦታው ተመለሰ።

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2023 ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም መመሪያ አውጥቷል። ማሸት እዚያ ውስጥ ከሚመከሩት ተርታ ገብቷል። ስለዚህ እናቴ ባዶ እጇን አይደለችም። እኅቴ የምትፈራው ሌላውን ነው፦ መሳብን፣ መጠምዘዝን፣ በጉልበት "ቀጭ" ማድረግን። አጥንቷ የሳሳ እናት ወይም አከርካሪው በቲቢ የተበላ ሰው እንዲህ ቢጎተት የሚሆነውን አስቡት። የቁርጭምጭሚት ወለምታና አከርካሪ አንድ አይደሉም። ወጌሻ የምትሄዱ ከሆነ "ይታሽ እንጂ አይሳብ" በሉ። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ፊዚዮቴራፒው ከወጌሻው ይወደዳል፣ ያውም አንድ ጊዜ ሄዶ የሚያልቅ አይደለም። በመንግሥት ሆስፒታል ርካሽ ነው፣ ቀጠሮው ነው የሚያስመርር። በግል ቶሎ ይገኛል፣ ኪስ ነው የሚያስመርር። እኔ የሄድኩበት የመጀመሪያው ቦታ አስተኝተው ኤሌክትሪክ የሚነዝር ነገር ወገቤ ላይ ለጠፉልኝ፣ መጋረጃ ዘጉ፣ ሄዱ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ነቅለው "ነገ ና" አሉኝ። እንዲህ ለስድስት ቀን ከፈልኩ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን ይህን ነዛሪ ማሽንም፣ የአልትራሳውንድ ማሸቱንም፣ ወገብ በማሽን መጎተቱንም ለዚህ ዓይነት ሕመም እንዳይሰጡ ነው የሚለው።

ሁለተኛው ቦታ አንዲት ወጣት ልጅ ነበረች። ማሽን አላበራችም። "እስኪ ካልሲዎን ያጥልቁ" አለችኝ። አየችኝ። ከዚያ ምንጣፍ ላይ አራት እንቅስቃሴ አሳየችኝና "ቤት ይሥሩት፣ ትንሽ ቢያምም አይፍሩ፣ ወደ እግርዎ እየወረደ ከሄደ ግን ያቁሙና ይደውሉልኝ" አለችኝ። በአራት ቀጠሮ ጨረስኩ። የተማርኩትን እስከ ዛሬ እሠራዋለሁ። ፊዚዮቴራፒ ስትመርጡ ስለ ማሽኑ ብዛት አትጠይቁ። "ቤት የምሠራው እንቅስቃሴ ታስተምሩኛላችሁ?" በሉ። መልሱ ከተድበሰበሰ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ራጅ፣ ኤምአርአይ እና "ዲስክ ነው" የሚለው ቃል

ከሁሉ ውዱ ይሄ ነው። አንድ ኤምአርአይ የእኔን አራት የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ከነታክሲው ሸፍኖ ይተርፈዋል። ራጅ ይረክሳል፣ ግን የሚያሳየው አጥንት ነው። ዲስክን (በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያለውን ትራስ) እና ነርቭን አያሳይም። "ራጅ ተነስቼ ዲስክ ተገኘብኝ" የሚል ሰው ስትሰሙ ፈገግ በሉ።

የእኔ ኤምአርአይ ውጤት ሁለት ዲስክ አብጧል አለ። ወረቀቱን ካነበብኩ በኋላ ለሁለት ሳምንት ስራመድ እንኳን እንቁላል የተሸከምኩ ይመስል ነበር። ቆይቶ ነው የሰማሁት። በፈረንጆቹ 2015 የወጣ ጥናት ምንም ወገባቸውን የማያማቸውን 3,110 ሰዎች ምስል ሰብስቦ አይቶ ነበር። በ40 ዓመት ዕድሜ ካሉት ግማሽ ያህሉ ያበጠ ዲስክ ነበራቸው። በ50 ዓመት 60 ከመቶ ይደርሳል። እኔ 43 ዓመቴ ነው። ከቢሮ ጓደኞቼ ግማሾቹ ተመሳሳይ ወረቀት ሊይዙ ይችሉ ነበር፣ አልተነሱም እንጂ።

ታዲያ መቼ ይጠቅማል? ቅድም የዘረዘርኳቸው ምልክቶች ሲኖሩ፣ ወይም ወደ እግር የሚወርደው ሕመም ሳምንታት አልፎት ኦፕራሲዮን የታሰበ እንደሆነ። ሐኪሙ "ውጤቱ ሕክምናዬን ይቀይረዋል" ካለ ተነሱ። ካልቀየረው ምን ያደርጋል?

ኦፕራሲዮን ላይ አጭር ነኝ፣ አልደረሰብኝም። ኔዘርላንድ ውስጥ ዲስክ ነርቭ ይዟቸው እግራቸውን የሚያማቸውን 283 ሰዎች ለሁለት ከፍለው፣ አንዱን ወገን ቶሎ ኦፕራሲዮን አደረጉት፣ ሌላውን ጠብቀው አዩት። ውጤቱ በፈረንጆቹ 2007 ነው የወጣው። ቶሎ የተደረጉት ቶሎ ተሻላቸው። ዓመት ሲሞላ ግን በሁለቱም ወገን 95 ከመቶ ያህሉ ድነው ነበር። ሕመሙ ሥራ የሚያስፈታ ከሆነ መፍጠን ዋጋ አለው፣ መቆየት የሚችል ሰው ደግሞ ቢቆይ ብዙ አይጎዳም። እግር እየዛለ ያለ ሰው ግን ከዚህ ንጽጽር ውጭ ነው። ዲስኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ ይሟሽሻል።

ቀበቶ፣ ፍራሽ፣ ሙቀት

ቀበቶ አትግዙ። አለቀ። ለቆየ ሕመም አይመከርም፣ የእኔ በር ኋላ ተሰቅሏል። የግቢያችን ጥበቃ ቢጠይቀኝ ይወስደው ነበር።

ፍራሽ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የሚነገረን ስህተት ነው። "ጣውላ ላይ ተኛ፣ መሬት ላይ ተኛ" ይባላል። እስፔን ውስጥ 313 ወገባቸውን የሚያማቸው ሰዎች ላይ ሞክረውት ነበር፣ ውጤቱ በፈረንጆቹ 2003 ወጣ። መካከለኛ ጥንካሬ ባለው ፍራሽ ላይ የተኙት ከጠንካራው ይልቅ ተሽሏቸው ነበር። መርካቶ ስትገዙ በእጅ ተጭናችሁ አትወስኑ። ሱቁ ውስጥ በጎን ተጋደሙበት፣ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ። ዳሌና ትከሻ ትንሽ ሰመጥ ካሉና ወገብ ካልተንጠለጠለ ጥሩ ነው። ያላችሁ ፍራሽ መሐሉ ጎድጎድ ካላለ ግን ብራችሁን አታውጡ። የእኔ ደህና ነበር፣ ዝም ብዬ ነው የቀየርኩት።

ሙቀት ለአዲስ ሕመም በእርግጥ ይረዳል። ፍል ውሃ መግባት ደስ ይላል፣ አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ያንን ውሃ ወደው አይደል? ግን ለሙቀቱ ብቻ ከሆነ በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቶ በፎጣ ጠቅልሎ ወገብ ሥር ማድረግ ያው ነው። የፈላ አትጨምሩ፣ ላስቲኩ ይጨማደዳል፣ ቆዳም ይልጣል። የሚያቃጥል ቅባት ለሚወዱ፣ ከበርበሬ የሚሠራው ቅባት በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ውስጥ ከተፈቀዱት አንዱ ነው። ሚጥሚጣ በዘይት ለውሱ አላልኩም።

የማይገዛው

ሰው ሁሉ "ተኛ፣ እረፍ" ይላችኋል። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ መተኛት ያዘገያል። እኔ ለአሥር ቀን ተኝቼ ስነሳ ከመጀመሪያው ባሰብኝ።

አውስትራሊያ ውስጥ 701 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት በፈረንጆቹ 2024 ወጥቷል። ወገባቸው ተሽሏቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው። በፊዚዮቴራፒስት እየተመከሩ በእግር መሄድ የጀመሩት ሕመሙ ሳይመለስባቸው የቆዩት በአማካይ 208 ቀን ነው፣ ያልጀመሩት 112 ቀን። የሚፈለገው ቀስ በቀስ በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ መድረስ ነው።

ቢሮዬ ሜክሲኮ ነው። ድሮ ከሥራ ስወጣ ሚኒባስ ውስጥ አራተኛ ሆኜ ተጣጥፌ ነበር የምሄደው። አሁን ከሜክሲኮ በስታዲየም አድርጌ መስቀል አደባባይ ድረስ በእግሬ እሄድና ከዚያ ታክሲ እይዛለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ወደ ቤቴ አይወስድም፣ እንደውም ያርቀኛል። ባለቤቴ "ቤትህ በዚያ ነው እንዴ?" ትለኛለች።

ጀሪካኑንም ቀይሬዋለሁ። ባለ 10 ሊትር ሁለት ገዛሁ፣ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። የገዛሁበትን ዋጋ ከአንድ መርፌ ጋር አላወዳድረውም።