ጂፎርስ ናው ለጎጃም ተጫዋች፦ ችግሩ ሜጋ ቢት አይደለም

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ቡሬ ተቀምጦ አዲስ ጌም መጫወት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያስደነግጠው የግራፊክስ ካርድ ዋጋ ነው። ክላውድ ጌሚንግ ይህን ወጪ ያስቀራል። ጌሙ ውጭ አገር ባለ ሰርቨር (የኩባንያው ትልቅ ኮምፒውተር) ላይ ይሠራል፣ ወደ እናንተ የሚመጣው ቪዲዮ ነው፣ ከእናንተ የሚሄደው ደግሞ የኪቦርድ፣ የማውስና የጆይስቲክ ትእዛዝ ብቻ። አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። እዚህ የምንመዝነው የግራፊክስ ካርድ አምራቹን የኢንቪዲያን ጂፎርስ ናው ነው። ለሰፊው ሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ሲሆን፣ ነጻ ደረጃ ስላለው ለመሞከር ሳንቲም አይጠይቅም።

ትልቁ ብልጫው ጌም አለመሸጡ ነው። ስቲም ወይም ኤፒክ በተባሉት የኢንተርኔት ጌም መደብሮች ላይ ያላችሁን ጌም ነው የሚያጫውታችሁ። ተመሳሳይ አገልግሎት የነበረው የጎግሉ ስታዲያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 2023 ሲዘጋ፣ ጎግል ገንዘቡን ቢመልስም ሰዎች እዚያ የገዙት ጌም አብሮ ተዘግቷል። ጂፎርስ ናው ነገ ቢቆም ግን ጌማችሁ በስቲም አካውንታችሁ ላይ ይቀራል። ስቲም ላይ ያለ ጌም ሁሉ እዚህ አይሠራም፤ ስለዚህ ጌም ከመግዛታችሁ በፊት በአፑ መፈለጊያ ስሙን ፈልጉ።

ነጻው ደረጃ ወረፋ ያስይዛል፣ ወረፋው ላይ ማስታወቂያ ያሳያል፣ ከገባችሁ በኋላ በአንድ ሰዓት ያስወጣችኋል። ተመልሶ መግባት ይቻላል፤ ወረፋው ግን እንደ አዲስ ነው። የሚከፈልባቸው ሁለት ደረጃዎች በአሜሪካ ዋጋ በወር 9.99 እና 19.99 ዶላር ናቸው፤ አንዱ በአንድ ጊዜ 6 ሰዓት፣ ሌላው 8 ሰዓት ያስቀምጣል፣ በወር ግን የ100 ሰዓት ጣሪያ አላቸው። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። በእኛ እምነት እስከዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በነጻው ሊጣራ ይችላል።

ኢንቪዲያ የሚጠይቀው የኢንተርኔት ፍጥነት፣ በሰከንድ 60 ምስል ለሚያሳይ 720ፒ የምስል ጥራት 15 ሜጋ ቢት በሰከንድ፣ ከዚያ ለሚበልጠው 1080ፒ ደግሞ 25 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። የቤቱን ፋይበር ወይም የስልኩን 4ጂ ይለካል፣ 20 ወይም 30 ያያል፣ «ይሠራል» ይላል። ዋናው መመዘኛ ግን ቀጥሎ የተጻፈው ነው፤ ከሰርቨሩ ጋር ያለው የምልልስ መዘግየት (ትእዛዙ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚወስደው ጊዜ) ከ80 ሚሊሰከንድ ማነስ አለበት፣ የሚመከረው 40 እና ከዚያ በታች ነው።

አሁን መንገዱን እንቁጠር። ጂፎርስ ናው ኢትዮጵያ ውስጥ ሰርቨር የለውም። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ወደ 560 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ጂቡቲ ከ700 በላይ። ከጂቡቲ በቀይ ባሕር ወደ ስዊዝ፣ ከስዊዝ በሜዲትራኒያን ወደ ፈረንሳይዋ የወደብ ከተማ ማርሴይ፤ ሁሉም ሲደመር ከ6,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ለእያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ይሄዳል። ስለዚህ መሣሪያ ሁሉ ፍጹም ቢሆን እንኳ ከ60 ሚሊሰከንድ በላይ የሚሆነው መንገድ ላይ አልቋል። በየመሃሉ ያሉት ራውተሮች (መረጃውን የሚያስተላልፉት መሣሪያዎች) የየድርሻቸውን ይጨምራሉ። 4ጂ ከሆነ በስልኩና በማማው መካከል ብቻ በተለምዶ 30፣ 40 ሚሊሰከንድ ይታከላል፤ 80 የተባለው ገደብ ጌሙ ሳይከፈት ታለፈ ማለት ነው። ፓኬጅ ከፍ ማድረግ ይህን አያስተካክልም። 100 ሜጋ ቢት ብትገዙም ማርሴይ አይቀርብም።

የቀይ ባሕሩ መስመርም ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በርካታ የባሕር ውስጥ ገመዶች አንድ ላይ ሲቆረጡ ትራፊኩ በረዘመ መንገድ መዞር ነበረበት። ቪፒኤን ከፍቶ መግባትም መንገዱን አያሳጥርም፤ መሃል ላይ ሌላ ማረፊያ ይጨምርበታል እንጂ።

ስለዚህ ጌም መምረጥ ግድ ነው። በ60 ምስል አንዱ ምስል የሚቆየው 16.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ 120 ሚሊሰከንድ መዘግየት ማለት ኳሱን ስትመቱ ወይም ስትተኩሱ 7 ምስል ያህል ወደ ኋላ ቀርታችኋል ማለት ነው። የእግር ኳስ ጌም፣ ተኩስ፣ ድብድብና የመኪና ውድድር ከዚህ አይሆኑም። የተኩስ ጌሙ ፎርትናይት ላይ ጠላትን ከማየታችሁ በፊት እሱ አይቷችኋል። በተራ የሚጫወቱት እንደ ሲቪላይዜሽን 6 ያሉት፣ የአስተዳደርና የግንባታ ጌሞች፣ ረጋ ያሉ የታሪክ ጌሞች ግን በዚህ መዘግየትም ደስ ይላሉ። ለእነዚህ አገልግሎቱን ያለማመንታት እንመክራለን።

የዳታው ሒሳብ ሌላ ጉዳይ ነው። 15 ሜጋ ቢት በሰዓት 6.75 ጊጋ ባይት ይበላል፣ 25 ሜጋ ቢት 11.25። 50 ጊጋ ባይት የሚመዝን ጌም አንዴ ማውረድ ማለት በ720ፒ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ እንደመጫወት ነው። ያንን ጌም 100 ሰዓት ከተጫወታችሁት 675 ጊጋ ባይት ሄደ። በስልክ ዳታ አይሞከርም፤ ያልተገደበ የቤት መስመር ያለው ብቻ ይግባበት። የወረደ ጌም ኢንተርኔት ባይኖርም ይከፈታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱን የሚያስታውስ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል።

መስመራችሁን ስትፈትሹ ከፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ ይልቅ አፑ ውስጥ በሴቲንግ ያለውን የኔትወርክ መፈተሻ ተጠቀሙ፤ እሱ የሚለካው እስከ ራሱ ሰርቨር ያለውን ነው። ሦስት ጊዜ ለኩ፦ ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ፣ እና ሰው ሁሉ መስመር ላይ በሚሆንበት ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት። ከአማካዩ ይልቅ መዋዠቁን እዩ። ቋሚ 110 ሚሊሰከንድ እጅ ይለምደዋል፤ 70 እና 200 መካከል የሚዘል ግን አይለመድም። ጌሙ ውስጥ ኮንትሮልና ኤን አንድ ላይ ሲጫኑ መዘግየቱና የጠፋው ፓኬት (መንገድ ላይ የቀረው የመረጃ ቁራጭ) ስክሪን ላይ ይወጣል። ፓኬት ከጠፋ ምስሉ ይቆራረሳል፣ ድምፁ ይንተባተባል። ያኔ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የራሳችሁ ዋይፋይ ነው፤ ወደ 5 ጊጋ ኸርዝ ቀይሩ ወይም ገመድ ሰኩ። አንድ ሰው ጎን ላይ ፎቶና ቪዲዮ ወደ ቴሌግራም እየጫነ ከሆነም ላኪው መስመር ይጨናነቅና ትእዛዛችሁ ወረፋ ይይዛል። ከዚያ በኋላ በሴቲንግ ከፍተኛውን ቢትሬት (ቪዲዮው በሰከንድ የሚወስደውን የዳታ መጠን) ከመስመራችሁ ፍጥነት ወደ ሁለት ሦስተኛው አውርዱ።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ራውተሩ ግን ይጠፋል። ብዙ የቤት ራውተር 12 ቮልት ስለሆነ ለራውተር የሚሸጠው ትንሹ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ይበቃዋል። ፋይበር ያለው ሰው የፋይበሩን ሳጥንም እዚያው ላይ ይሰካ።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ፣ ይኸው ቴክኖሎጂ ቤት ውስጥ ሲሠራ ሰው ብዙም አያስበውም። አንድ ደህና ኮምፒውተር ያለበት ቤት ወይም ጌም ቤት ምስሉን የሚልከውን ሰንሻይን የተባለ ነጻ ፕሮግራም እዚያ ላይ፣ ምስሉን የሚቀበለውን ሙንላይትን ደግሞ በአሮጌው ላፕቶፕ ወይም በስልክ ላይ ይጫን። ሰንሻይን ሲጫን በራሱ ኮምፒውተር ብራውዘር፣ https://localhost:47990 በሚለው አድራሻ፣ መቆጣጠሪያ ገጽ ይከፍታል፤ ብራውዘሩ ስለ ሰርተፍኬት ያስጠነቅቃል፣ እለፉት። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አውጡ። ሙንላይት ባለ 4 አኃዝ ቁጥር ያሳያል፤ በሰንሻይን ገጽ ላይ ስታስገቡት ሁለቱ ይተዋወቃሉ። ለ1080ፒ ሙንላይት በራሱ የሚመርጠው 20 ሜጋ ቢት ነው። ይህ ሁሉ በቤት ራውተር ውስጥ ስለሚያልፍ ከኢንተርኔት ፓኬጅ አንድ ባይት አይነካም፣ በገመድ ወይም በጥሩ 5 ጊጋ ኸርዝ ዋይፋይ የኔትወርኩ መዘግየት ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው። የእግር ኳስ ጌሙ የሚሠራው እዚህ ነው።

የሚበላሸው በተለመዱ ቦታዎች ነው። ሙንላይት ኮምፒውተሩን ካላገኘው የአይፒ አድራሻውን (በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ ያለውን የኮምፒውተሩን ቁጥር) በእጅ አስገቡ፤ አንዱ በእንግዳ ዋይፋይ ላይ ከሆነ ግን ጨርሶ አይተያዩም። ስክሪኑ ከጠቆረ ኮምፒውተሩ ሞኒተር የለውም ወይም ሞኒተሩ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ሞኒተር መስሎ የሚታየውን ባዶ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ሰኩበት። ጆይስቲኩ በዊንዶውስ ካልታየ ቪጂኢኤም ባስ የሚባለው ድራይቨር ጎድሏል። ምስሉ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ከተንቀረፈፈ ኮዴኩን (ቪዲዮው የሚታመቅበትን ዘዴ) ወደ ኤች 264 መልሱ፤ ኤች 265ን በሃርድዌር በደንብ መፍታት በኢንቴል በኩል የተጀመረው ከ6ኛው ትውልድ ነው፣ ከዚያ በፊት ያሉት ፕሮሰሰሩን ያስጨንቃሉ። ለጌም ቤት ባለቤቶች አንድ ነገር፦ ሰንሻይን የሚያስተላልፈው የአንድ ኮምፒውተር አንድ ስክሪን ነው። ሁለት ደንበኛ በሁለት ጆይስቲክ አንድ ጌም ላይ መግጠም ይችላል፤ በአንድ ኮምፒውተር አራት የተለያየ ጌም ለአራት ሰው ማከራየት ግን አይቻልም።