ለመዘዞ ኦፓል ጉድጓድ ምን ይገዛ? ደማሚት፣ ጃክ ሀመር ወይስ የሚያብጥ ዱቄት

ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ ለማውጣት የተደራጁ የሰሜን ሸዋዋ መዘዞ ልጆች ገንዘብ ሲያዋጡ መጀመሪያ የሚያነሱት ደማሚትን ነው። ፍጥነቱ አይካድም። ግን የምትፈልጉት ድንጋዩን ነው ወይስ ውስጡ ያለውን? የመዘዞ ኦፓል በእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ እንደ ድንች ተቀብሮ ነው የሚገኘው፤ በተፈጥሮው ውሃ ያዘለና በቀላሉ የሚሰነጠቅ ስለሆነ ፍንዳታው ሲመታው ጥሩው ሁሉ ስንጥቅጥቅ ይላል። እሱን ማን ይገዛችኋል? በዚያ ላይ ያለ ፈቃድ መግዛትም ማስቀመጥም አይቻልም፣ ጭሱም በጠባብ ዋሻ ውስጥ ታፍኖ ሰው ይገድላል። ለእኔ የደማሚት ነገር እዚህ አበቃ።

ዓለቱ የላላና የበሰበሰ ከሆነ በጄነሬተር የሚሠራ የኤሌክትሪክ መስበሪያ ይበቃችኋል። ዋጋው ይቀላል፣ በአህያ ተጭኖ ገደሉን ይወርዳል። ጄነሬተሩን ግን ደጅ ተዉት! ከጭሱ ጋር የሚወጣው መርዝ ሽታ እንኳ የለውም።

ጠንካራ ዓለት ላይ ጃክ ሀመር፣ ማለትም በታመቀ አየር የሚሠራ መሰርሰሪያ፣ አየሩን ከሚያምቀው ኮምፕረሰር ጋር ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ሻጩ የሚያሳያችሁ የኮምፕረሰሩ አየር መጠን አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የተለካ ነው። የእኛ አገር ደጋ ነው፤ ደብረ ብርሃን ራሷ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ እዚያ አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩም ይደክማል፣ መሰርሰሪያውም ዓለቱን ከመብሳት ይልቅ ማንኳኳት ይጀምራል። መሰርሰሪያው በደቂቃ 4 ሜትር ኪዩብ አየር የሚጠይቅ ከሆነ 5 ተኩል ወይም 6 የሚሰጥ ኮምፕረሰር ፈልጉ። ደግሞ ውሃ እየረጨ የሚሰረስር ይሁን፤ ደረቁ አቧራ ሳንባ ይጨርሳል።

ከተሰረሰረ በኋላ እኔ የምመርጠው የሚያብጠውን ዱቄት ነው። ዋናው ነገሩ ኖራ ነው፤ በውሃ በጥብጣችሁ ቀዳዳው ውስጥ ትሞሉታላችሁ፣ ማታ ሞልታችሁ ስትሄዱ በማግስቱ ዓለቱ ያለ ጩኸት ተሰንጥቆ ይጠብቃችኋል፣ ከዚያ ኦፓሉን በድጅኖና በትንሽ መዶሻ እየለያችሁ ማውጣት ነው። ቀርፋፋ ነው፣ ርካሽም አይደለም። ስትገዙ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የሙቀት መጠን አንብቡ። ለቆላ የተሠራው በኅዳር ውርጭ ቀናት ያስጠብቃችኋል፤ ለብርድ የተሠራው ደግሞ ሙቀት ላይ ከቀዳዳው ተተኩሶ ዓይን ያጠፋል፣ ስለዚህ ከሞላችሁ በኋላ አጎንብሶ ማየት የለም።

ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ኮምፕረሰሩን ተከራዩ፣ ዱቄቱን ግዙ።