ኮፈኑ ሞቆ ከጠበቃችሁ ተጠንቀቁ

ያገለገለ መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ይህን አንብባችሁ ሂዱ። እኔ በካምቢዮ (ማርሹን በሚቀያይረው ክፍል) ተሸውጃለሁ።

መኪናው ሲታይ ልብ ይሰርቃል። ቀለሙ ያበራል፣ ወንበሩ አልተቀደደም። ኮፈኑን ስነካው ግን ሞቋል። «ላሳጥበው ይዤው ወጥቼ ነበር» አለኝ ሻጩ። ታጥቦ ስለጠበቀኝ ደስ አለኝ እንጂ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ሰፈሩን አንዴ ዞርንበት፤ ማርሹ ሲቀያየር እንኳ አይታወቅም። ከፈልኩ።

በማግስቱ ጠዋት አር (የኋላ ማርሽ) ላይ አደረግኩት። ምንም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ፤ ከዚያ ድው አለና ወደ ኋላ ዘለለ። ሲሞቅ ደህና ይሆናል፣ ሲያድር ይብሳል። ወር ሳይሞላው ጋራዥ ገባ። መካኒኩ የካምቢዮውን ዘይት ሲያወርደው ጥቁር ነው፣ የተቃጠለ ይሸታል፣ ከሥሩ የብረት ብናኝ አለበት። ለሻጩ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ አይተህ ነው የገዛኸው» አለኝ። ምን ልበል!

ነገሩ እንዲህ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ውስጡ ያሉት ጎሚኒዎች (ዘይቱን የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች) ሲያረጁ ይደርቃሉ፤ ሲቀዘቅዙ ግፊቱን በደንብ አይዙም። ሲሞቁ ትንሽ ይለሰልሳሉ፣ ችግሩም ይደበቃል። ስለዚህ መኪናው አድሮ ሳይነሳ እንዲጠብቃችሁ ለሻጩ ቀድማችሁ ንገሩት። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ከሞቀ ሌላ ቀን ተመለሱ፤ እምቢ ካለ ተዉት። ቀዝቃዛ ካገኛችሁት ፍሬን ይዛችሁ ከፒ ወደ ዲ፣ ከዚያ ወደ አር አስገቡት። ለመያዝ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ ከፈጀበት ወይም ድው ካለ ተጠራጠሩ።

የተገላቢጦሽም አለ። አንዳንዱ ችግር የሚወጣው ዘይቱ ግሎ ሲቀጥን ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ንዱት፣ ዳገትም ፈልጉ። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ካምቢዮው እየተንሸራተተ ነው። ሲቪቲ (ደረጃ ያለው ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ) ከሆነ ማርሽ ሲቀይር ስለማይሰማ፣ መንቀጥቀጥና ዋይታ አዳምጡ። ማንዋል ላይ ደግሞ በአራተኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ እየሄዳችሁ ነዳጁን ርገጡ፤ ሞተሩ ብቻውን ከጮኸ ፍሪሲዮኑ አልቋል።

«የካምቢዮው ዘይት የዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም» የሚላችሁ ይኖራል። ለብዙ ውድ መኪኖች ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድኤፍ ራሱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ወይም በ8 ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። የተቀየረበትን ደረሰኝ ጠይቁ። በኮምፒውተርም አስመርምሩት፤ የስህተት መልእክቶቹ በቅርቡ ተሰርዘው ከሆነ ጥሩ መካኒክ ያውቅበታል።

ባለቤቱ ቢንከባከበውም የማይድን ካምቢዮ ደግሞ አለ። ከ2012 እስከ 2016 (በፈረንጆቹ) በተሠሩ የፎርድ ፎከሶችና ከ2011 እስከ 2016 በተሠሩ ፊየስታዎች ላይ የተገጠመው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ፣ አሜሪካ ውስጥ ባለቤቶቹን ሰብስቦ ፍርድ ቤት አድርሷል። አውስትራሊያም ፎርድ ቅሬታዎቹን በያዘበት መንገድ በ2018 (በፈረንጆቹ) የ10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ተጥሎበታል። እንዲህ ያለ መኪና «ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው» ቢሉኝ እኔን አያጽናናኝም። የምትገዙትን ሞዴል ስምና ዓመተ ምህረት ከካምቢዮው ዓይነት ጋር አድርጋችሁ ፈልጉ፤ ሌሎች ምን እንደገጠማቸው ታገኛላችሁ።

የእኔ መኪና አሁንም ጋራዥ ነው። ተጠግኖ ሲወጣ እሸጠዋለሁ። ገዢው እስኪመጣ ድረስ ሞተሩን አላስነሳም።