ኮምፒውተር ልታስገጣጥሙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ይህን ልጅ አነጋግሩት

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው አንድ ባለሙያ ለማመስገንና ለምትፈልጉት ለመጠቆም ነው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ እሱም አልፈለገም፣ እኔም ስልኩን ማጨናነቅ አልፈልግም። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ ጠባብ ክፍል ይዞ ይሠራል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

እኛ አነስተኛ የአርክቴክቸር ቢሮ ነን። የዘንድሮ ደንበኛ ፕላንና ኤሌቬሽን አይቶ እሺ አይልም፤ ቤቱ ገና ጉድጓድ ሳይቆፈርለት ሳሎኑ ውስጥ ሲዞር ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ የሥራችን ግማሽ ስሪዲ (ባለ ሦስት ገጽታ ምስል) ሆኗል። የውስጥ ዲዛይኑን በስሪዲኤስ ማክስና በኮሮና፣ የውጪውንና አኒሜሽኑን በሉሚየን በሚባሉ ፕሮግራሞች እንሠራለን። የነበረን ማሽን አርቲኤክስ 3060 የሚባል ግራፊክስ ካርድ ያለው ነው። ዕድሜ ይስጠው ብዙ ዳቦ አብልቶናል፣ ግን ማታ አኒሜሽን ጭነንለት ሄደን ጠዋት ስንመጣ ፕሮግራሙ ራሱን ዘግቶ ማግኘት የተለመደ ሆነ። አንድ ጠንካራ ማሽን ይገዛ ተባለ።

የጠየቅናቸው ሱቆች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «በጀታችሁ ስንት ነው?» የሚል ነበር። ቁጥሩን ስትነግራቸው ዝርዝር ይሰጡሃል፤ ዝርዝሩ ደግሞ ሁሌም የጌም ማሽን ነው። ባለ መስታወት ኬዝ፣ ቀለም የሚቀያይር ፋን፣ ስክሪን የተገጠመለት ማቀዝቀዣ። ይህ ልጅ ግን ስለ ገንዘብ አላነሳም። «ጋሼ፣ ከሠራችሁት ሁሉ የከበደውን ፋይል አሳዩኝ» አለኝ። ቢሯችን ድረስ መጣና አሮጌው ማሽን ላይ ፋይሉን አስከፈተ፤ በጎን የማሽኑን የሥራ ጫና የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ከፍቶ እያየ ማስታወሻ ይይዝ ጀመር።

ያን ቀን ያሳየን ነገር ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ወሰነው። በኮሮና ሬንደር ሲደረግ (ሞዴሉ ወደ ምስል ሲቀየር) ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ይሠራል፣ ግራፊክስ ካርዱ ግን ሥራ ፈት ነው፤ ኮሮና የሚሠራው በፕሮሰሰር ብቻ ነውና። ሉሚየን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ዛፎቹና ሳሩ ሲጫኑ የካርዱ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ ጢም ብሎ ይሞላል፣ የተረፈው ወደ ራም ይፈስሳል፣ ያኔ ፍጥነቱ ይሞታል። «እዚህ ጋ ነው የሚታነቀው» አለ በእርሳሱ እየጠቆመ። ልጆቻችን ለዓመታት ሶፍትዌሩን ሲያማርሩ ነበር።

ሱቆቹ በብዛት ያቀረቡልን ካርድ አርቲኤክስ 5080 ነበር። ፈጣን ነው፣ ሜሞሪው ግን 16 ጊጋባይት ነው። የኛ ፋይል ዛሬ 12ቱን ሞልቶ የሚፈስ ከሆነ 16ቱን ለመሙላት አንድ ትልቅ ሪል እስቴት ይበቃዋል። ከቢሯችን አንዱ «ሁለት 5080 ብንገዛስ? 32 ይሆናል» ብሎ ጠየቀ። አይሆንም፤ ሉሚየን የሚጠቀመው አንድ ካርድ ነው፣ ሜሞሪያቸውም አይደመርም። የቀረው ምርጫ ወይ ያገለገለ ባለ 24 ጊጋባይት፣ ወይ አዲሱ 5090 ባለ 32 ነበር።

ያገለገለውን እኔ ፈልጌው ነበር። አንድ ሰው 3090 በጥሩ ዋጋ አምጥቶ ልጁ ጋ አስፈተሽን። ካርዱ ይሠራል። ግን የሜሞሪውን ሙቀት ለይቶ ሲለካ ከመቶ ዲግሪ አለፈ፣ የብሎኖቹ ጭንቅላትም ተፍቋል፤ ቀድሞ ተከፍቶ ያውቃል ማለት ነው። 3090 ከጀርባው በኩልም የሜሞሪ ቺፖች ስላሉበት በተፈጥሮው ይሞቃል። ከዚህ በተጨማሪ ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 (እንደ ፈረንጆቹ) በግራፊክስ ካርድ የሚሠራውን ማይኒንግ (አዲስ ገንዘብ የማመንጨት ሥራ) ሲያስቀር፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በጅምላ ወደ ገበያ ወጥተዋል። ይኼኛው ከነዚያ አንዱ ይሁን አይሁን ማንም አያውቅም። ልጁ ለሻጩ በጨዋ ደንብ አመስግኖ መለሰለት። በዚህች ሽያጭ ኮሚሽን ማግኘት ይችል ነበር።

5090 ተወሰነ። ዋጋውን አታንሱብኝ፤ የበጀታችን ግማሽ ያህል እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ስለዚህ ሰው እንድጽፍ ያደረገኝ ዋናው ምክንያት ነው።

ይህ ካርድ በሙሉ ኃይሉ 575 ዋት ይበላል። አምራቹ ኤንቪዲያም ቢያንስ 1000 ዋት ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ዕቃ) ያዝዛል። ልጁ ይህን እንደነገረን ወዲያው ስለ ፓወር ሰፕላይ አላወራም፤ መልቲሜትሩን አውጥቶ የግድግዳችንን ሶኬት መለካት ጀመረ። ማታም ተመልሶ ለካ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት። ቮልቴጁ ከ200 በታች ወርዶ ነበር። ሶኬቱን ሲፈታው ደግሞ የኧርዝ (የመሬት) ሽቦው ከምንም ነገር ጋር አልተገናኘም፤ ሶስተኛው ቀዳዳ ለጌጥ ነው የተሠራው። ሕንፃው አዲስ ነው፣ ያውም የሚያብረቀርቅ። «ኤሌክትሪሺያን አምጥታችሁ ኧርዙን ካላስተካከላችሁ ማሽኑን አላስረክብም» አለ። እንዲህ ብሎ ከደንበኛ ጋር የሚከራከር ሻጭ አይቼ አላውቅም። አስተካከልን።

ከዚያ መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ ስለሚያቆየው ዩፒኤስ ተነጋገርን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚጎዳ ልቆይበት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቪኤ ነው፤ እናንተ መጠየቅ ያለባችሁ ዋቱን ነው። 2000 ቪኤ የሚል ጽሑፍ ያለበት ብዙ ዩፒኤስ የሚሸከመው 1200 ዋት ገደማ ነው። ሁለተኛው ነገር የሚያወጣው ሞገድ ነው። ርካሾቹ መብራት ሲሄድ የሚሰጡት ንጹሕ ያልሆነ፣ ደረጃ ደረጃ የሆነ ሞገድ ነው። የዘመኑ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች አንዳንዶቹ ይህን አይወዱትም፤ ዩፒኤሱ እየሠራ ኮምፒውተሩ ድርግም ሊል ይችላል። ለኛ የመረጠው ኦንላይን የሚባለውን፣ መብራት ቢኖርም ባይኖርም ራሱ ንጹሕ ኃይል የሚያመነጨውን ዓይነት ነው። የሕንፃው ጀነሬተር እስኪነሳ ማሽኑ መብራት መሄዱንም አያውቅም።

ዩፒኤሱ ውድ ነው። ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው ስሙ። አንደኛ፣ ሱቆቹ የጻፉልን ማዘርቦርድ (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ) ኤክስ870ኢ የሚባለው ነበር፤ የማንጠቀምባቸው ወደቦችና ፈጣን ዋይፋይ የሞላበት። እኛ በገመድ የምንሠራ ሰዎች ነን። ወረድ ያለ ግን የኃይል ክፍሉ ጠንካራ የሆነ መረጠ። ሁለተኛ፣ የዲስኩን ትውልድ ከአምስተኛ ወደ አራተኛ አወረደው፤ ሉሚየን ፋይል ሲከፍት ልዩነቱ በዓይን አይታይም አለ፣ እውነቱን ነው። ሦስተኛ፣ የውሃ ማቀዝቀዣውን ሰረዘው።

ስለ ማቀዝቀዣው የነገረኝን ከሌላ ሰው ሰምቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ከወደብ ከተማ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ስለዚህ አንድ ፋን እዚህ የሚገፋው አየር ይዞ የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። ዱባይ ወይም አሜሪካ ሆነው ዩቲዩብ ላይ የሚለኩት ሙቀት ለኛ በቀጥታ አይሠራም ማለት ነው። መፍትሔው ውሃ ነው ትሉ ይሆናል፤ ውሃውም ሙቀቱን የሚጥለው በዚያው ስስ አየር ላይ ነው። ፓምፑ ሲሞት ደግሞ እዚህ አገር መለዋወጫ ፍለጋ ነው። ስለዚህ ባለ ሁለት ማማ ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ፊቱ መስታወት ሳይሆን ወንፊት የሆነ ኬዝ፣ የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጡት የሚበልጡ። አየሩ በማጣሪያው በኩል ብቻ እንዲገባና በየስንጥቁ አቧራ እንዳይስብ ነው። በየመንገዱ በሚቆፈርበት በዚህ ጊዜ የአቧራው ነገር ቀልድ አይደለም።

ፕሮሰሰሩ ራይዘን 9 9950ኤክስ ሆነ፣ 16 ኮር። አንድ ሱቅ ያገለገለ የኢንቴል 14ኛ ትውልድ ኮር አይ9-14900ኬ በጥሩ ዋጋ አቅርቦልን ነበር። ኢንቴል በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ ቺፖች ላይ የታየውን አለመረጋጋት በ2024 በማይክሮኮድ (በቺፑ ውስጣዊ ፕሮግራም) አስተካክሏል፤ ቀድሞ የተጎዳ ቺፕ ግን በማስተካከያው አይድንም። ኩባንያው ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል፣ ያገለገለ ቺፕ ከመደርደሪያ ለሚገዛ የአዲስ አበባ ሰው ግን ያ ዋስትና የሩቅ ዘመድ ነው።

ራም ላይ ትንሽ ተከራከርን። እኔ አራቱም ቦታ በ32፣ 32 ተሞልቶ 128 ጊጋባይት እንዲሆን ፈልጌ ነበር። እሱ ሁለት ባለ 48 አድርጎ 96 አለ። አምራቹ ኤኤምዲ ራሱ ለዚህ ፕሮሰሰር በሁለት ራም እስከ 5600 ፍጥነት፣ በአራት ግን 3600 ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። ፋይላችን ከ70 ጊጋባይት ራም በላይ ይዞ እንደማያውቅ ከማስታወሻው አነበበልኝ። ከ2025 መጨረሻ ወዲህ የራም ዋጋ እንዴት እንደተተኮሰ ለምታውቁ ይህ ቀላል ቁጠባ አይደለም።

አንዳንዱን ዕቃ ከዚሁ ገዛን፣ አንዳንዱን ቡር ዱባይ ካሊድ ቢን አል ወሊድ መንገድ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች በአስመጪ በኩል አስመጣልን። ቀረጡ የተከፈለ፣ የቫት ደረሰኝ ያለው። ከዱባይ የመጣው ዕቃ ዋስትና እዚያው ዱባይ መሆኑን ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ። የየዕቃውን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ፎቶ አንስቶ በፍላሽ ሰጠን።

አገጣጠሙን ቆሜ አየሁ። የካርዱን ባለ 16 ፒን ገመድ ከሰካ በኋላ በስልኩ መብራት እያበራ ክፍተት እንደሌለው እኔም እንዳይ አደረገ። በ2022 4090 ሲወጣ የቀለጡትን ሶኬቶች ፎቶ አሳየኝ፤ በደንብ ያልገባ ገመድ አንዱ ምክንያት እንደነበር፣ ፓወር ሰፕላዩን ከአዲሱ አሠራር የመረጠውም ለዚህ እንደሆነ ነገረኝ። ቀጥሎ የካርዱን የኃይል ጣሪያ ወደ 450 ዋት አወረደው። ደነገጥኩ፣ ለ575 ከፍለን! ሁለቱንም ሞክሮ በራሳችን ፋይል አሳየን። የጠፋው ፍጥነት በሥራ ላይ የማይሰማ ነው፣ ሙቀቱና ጩኸቱ ግን በግልጽ ወረደ፣ ዩፒኤሱም ሸክሙ ቀለለለት። ራሙን ሌሊቱን ሙሉ ፈተሸ፣ በማግስቱ ኮሮናንና ሉሚየንን ባንድ ላይ አስነስቶ ሲያስጨንቀው ዋለ። ሲያመጣልን ካርዱን ነቅሎ በራሱ ካርቶን ለብቻው ተሸክሞ መጣ፤ እንዲህ የከበደ ካርድ በየጉድጓዱ ሲንገጫገጭ የማዘርቦርዱን ማስገቢያ ይሰብራል።

አሁን ማታ የተጫነው አኒሜሽን ጠዋት አልቆ ይገኛል። ልጆቹ ዛፍ መቆጠብ ትተዋል፤ ይህ ራሱ ሌላ ችግር እያመጣብን ነው።

እንከኑንም ልናገር፣ አለዚያ ማስታወቂያ ይመስላል። ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ ቴሌግራም ይሻላል። የሚሰጠው ዋጋ ምንዛሪው ስለሚዋዥቅ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው የሚቆየው፣ ከወሰናችሁ ቶሎ ወስኑ። ዕቃ እስኪሟላ ታግሳችሁ መጠበቅ አለባችሁ፤ ነገ የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ቦታ ሂዱ። ላፕቶፕ አይጠግንም። መብራት የሚያንቦገቡግ ኬዝ ከፈለጋችሁም ይሠራላችኋል፣ ግን ፊቱን እያጠቆረ ነው። ስትሄዱ ከባዱን ፋይላችሁን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ የቪዲዮ ኤዲተር ከሆናችሁ ደግሞ ካሜራችሁ የሚቀርጸውን ጥሬ ፋይል። ያለዚያ መልሶ ይልካችኋል።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ መላው ቢሮ ያመሰግንሃል፣ እጅህ ይባረክ። ያ መለዋወጫ የአቧራ ማጣሪያ ሲገባልህ ደውልልን።