ባለፍላሹ ወይስ በእጅ የሚዞረው? ሬዲዮ ከመግዛትዎ በፊት

ለአባቴ ሬዲዮ ልገዛ መርካቶ ስገባ፣ ሻጩ መጀመሪያ ያወረደልኝ አብረቅራቂውን ነበር። ብሉቱዝ አለው። ፍላሽ ይቀበላል። ጀርባው ላይ ሶላር፣ ጎኑ ላይ የእጅ ባትሪ ተገጥሞለታል። ምን የሌለው አለ? ገዛሁ። አገር ቤት ደርሼ ፍላሽ ስሰካበት ግቢውን በመዝሙር አናጋው። ጣቢያ ስንፈልግበት ግን ሁለት ጣቢያ አንድ ላይ ያወራል። አባቴ ሦስት ቀን ታገሉት። በአራተኛው «ይሄ ቴፕ ነው እንጂ ሬዲዮ አይደለም» ብለው፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረውን አሮጌያቸውን ከመደርደሪያ አወረዱ።

ርካሹ ባለብዙ ሙያ ዋና ሥራው ማጫወት ነው። ሬዲዮው ምርቃት ነው። ዘፈንና ስብከት በፍላሽ ለሚሰማ ሰው ጥሩ ዕቃ ነው፣ አልዋሽም። ዜና ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ግን ተራው፣ በእጅ የሚዞረው ይሻላል። በተለይ ለትልቅ ሰው። ማብሪያው አንድ፣ ጣቢያ መፈለጊያው አንድ፤ በጨለማም በዳበሳ ይገኛል።

ዋናው ጥያቄ ሬዲዮው የት ይሰማል የሚለው ነው። አዲስ አበባ ከሆነ ብዙ አይጨነቁ። 97.1ም፣ 98.1ም፣ 102.1ም ኤፍ ኤም ላይ ናቸው፤ ኤፍ ኤም ብቻ ያለው ይበቃዎታል። ገጠር ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ተራራ ሲጋርደው ያበቃለታል። አጭር ሞገድ ግን ከላይኛው አየር ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ ከሌላ አህጉር ድረስ ይመጣል። መካከለኛው ሞገድ ደግሞ ሲመሽ ርቆ ይሰማል። ስለዚህ ለገጠር ሦስቱም ያሉትን ይግዙ። የውጭ ጣቢያ አድማጭ ከሆኑ ግን እዚህ ላይ ሐሳቤን ልቀይር፦ በአጭር ሞገድ ቁጥር የሚያሳየው ዲጂታሉ ይበልጣል። ጣቢያዎቹ ተጠጋግተው ነው ያሉት። ብዙዎቹም በመጋቢትና በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ሞገድ ይቀይራሉ። ቁጥሩን መትቶ መግባት በጣት እያዞሩ ከመዳከር ያድናል።

መብራትን በተመለከተ፣ መብራት በሌለበት ቦታ ድንጋይ የሚበላውን እመርጣለሁ። ትልልቁ ድንጋይ ድምፁን አለዝቦ ለሚሰማ ሰው ሳምንታት ይዘልቃል፣ የገጠር ሱቅም አያጣውም። ለረጅም ጊዜ የማይከፍቱት ከሆነ ግን ድንጋዩን ያውጡ፤ ሲያፈስ ሽቦውን ይበላዋል። ቻርጅ የሚደረገውን ከወደዱ ክዳኑን ያስከፍቱ። ውስጡ እንደ ድሮ የኖኪያ ስልክ ጠፍጣፋ ባትሪ ካለው ሲደክም ይቀየራል። ከተበየደ ግን ባትሪው ሲሞት ሬዲዮውም አብሮ ይሞታል። መዳፍ በምታክል ሶላር ላይ ብዙ ተስፋ አይጣሉ።

ከውጭ ዘመድ ልላክ ካለዎት ሁለት ነገር ይንገሩት። የአሜሪካው በ110 ቮልት ብቻ የሚሠራ ከሆነ እኛ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ከአውሮፓ የሚመጣው ደግሞ ኤፍ ኤም እንዳለው ይታይ፤ ኖርዌይ በ2017 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ጣቢያዎቿን ከኤፍ ኤም አውጥታ ወደ ዲጂታል ሥርጭት ስላዞረች፣ ያንን ሥርጭት ብቻ የሚይዝ ሬዲዮ እዚህ ዝም ነው የሚለው። የጃፓን መኪና የገዛ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የድሮዎቹ የመኪና ሬዲዮዎች ከ76 እስከ 90 ብቻ ስለሚይዙ 102.1 አይገኝባቸውም።

ሱቅ ውስጥ በዘፈን አይፈትኑት። ዘፈን ያታልላል። ሰው የሚያወራበት ጣቢያ ላይ ያድርጉትና ድምፁን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ ንግግሩ ከተንጫጫ ይመልሱት። ማዞሪያውን ቀስ ብለው ሲያዞሩ ከኮረኮረም እንደዚያው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከኤል ኢ ዲ አምፖልና ከስልክ ቻርጀር አጠገብ ግን የትኛውም ሬዲዮ ሽሽ ማለቱ አይቀርም። አንቴናውን መዘው በሩ ላይ ይውጡና ደካማ ጣቢያ ይፈልጉበት። ሻጩ «ከሱቅ አይወጣም» ካለ፣ ቀጥሎ ያለው ሱቅም ሬዲዮ ይሸጣል።