የጋራ ድራይቭ፦ ፋይሉ የማን ነው?

አምስት ሆነን ነው መጽሐፍ ለኅትመት የምናዘጋጀው። ሁለታችን ጽሑፍ እናርማለን፣ አንዱ ገጽ ያቀናብራል፣ አንዷ ሽፋን ትሠራለች፣ አንዷ ሒሳብ ትይዛለች። ድሮ ሁሉም ነገር የሚሄደው በቴሌግራም ግሩፕ ነበር። «ፋይናል» ይላካል፣ ቀጥሎ «ፋይናል 2»፣ ማታ ላይ ደግሞ «ይሄ ነው ዋናው»። አንድ ጊዜ ወደ ማተሚያ ቤት የሄደው «ፋይናል 2» ሆኖ ተገኘ። ላኪዋ እኔ ነኝ። ገጽ 31 ላይ አንድ አንቀጽ ሁለት ጊዜ ታትሞ ወጣ። ያ መጽሐፍ እጄ በገባ ቁጥር ዛሬም መጀመሪያ የምገልጠው ያንኑ ገጽ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ጉግል ድራይቭ ገባን፣ በነፃው። 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ጂሜይሉም የጉግል ፎቶውም የሚካፈሉት ያንኑ ነው። ፎልደሮቹን የከፈተው ገጽ አቀናባሪያችን ነበር፣ በግል አካውንቱ። ማናችንም ልብ አላልነውም።

ልጁ ሌላ ሥራ አገኘና ሄደ። በደስታ ነው የሸኘነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ሊንኩን ስከፍት ፋይሉ የባለቤቱ ትራሽ (የተሰረዘ ነገር የሚገባበት) ውስጥ ነው። ደወልኩለት። «ውይ! ሞልቶብኝ እኮ ነው፣ ትልልቁን ሁሉ ጠራረግኩት» አለኝ። አልፈረድኩበትም። በግል አካውንት የተጫነ ፋይል የሚይዘው የባለቤቱን ቦታ ነው፤ አምስታችን ብንጠቀምበትም የሚሞላው የእሱ ነው። ደግነቱ ትራሽ ውስጥ የገባ ነገር 30 ቀን ይቆያል። እኛ ገና አራተኛው ቀን ላይ ነበርን። መለሰልን።

አሁን የምንጠቀመው ጉግል ለቡድን ያዘጋጀውን የጋራ ድራይቭ ነው። እንደ እኛ ላለ ቡድን፣ ለመክፈት የሚከፈልበት ዎርክስፔስ (የጉግል የድርጅት አገልግሎት) ያስፈልጋል። ልዩነቱ አንድ ነው፣ ግን ትልቅ ነው፦ እዚያ የገባ ፋይል የቡድኑ እንጂ የጫነው ሰው አይደለም። ሰው ቢለቅ ፋይሉ ካለበት አይነቃነቅም። ፈቃድም ይከፋፈላል። ፋይል ማስገባትና ማስተካከል የሚችል፣ ማጥፋት ግን የማይችል ደረጃ አለ። ከእኔና ከሒሳብ ያዧ በቀር ሁሉም እዚያ ላይ ናቸው። «አታምኚንም ማለት ነው?» ተባልኩ። ኩርፊያው አንድ ሳምንት ፈጀ። በዚህ ደረጃ ፋይል ከፎልደር ወደ ፎልደር ማዛወርም ስለማይቻል በቀን ሦስት ጊዜ እጠራለሁ። ራሴ ያመጣሁት ጣጣ ነው።

በጣም የወደድኩት የቅጂ ታሪኩን ነው። ፒዲኤፉን አዲስ ቅጂ አድርገን ስንጭነው ስሙም ሊንኩም ያው ነው፤ አሮጌው ከሥር ይቀመጣል። ለ30 ቀን ወይም 100 ቅጂ እስኪሞላ ድረስ ነው የሚቆየው፤ እንዳይጠፋ የምንፈልገውን ለብቻው ምልክት ማድረግ ይቻላል። ለኅትመት የሚሄደውን ሁልጊዜ ምልክት እናደርግበታለን። «ፋይናል 2» በዚሁ ቀረ።

የፊደላችንን ነገር ግን የትኛውም ድራይቭ አይፈታልንም። አንዷ «ጽሑፍ» ብላ ታስቀምጣለች፣ አንዱ «ፅሁፍ»። ለእኛ ያው ነው። ለኮምፒውተር ጸ እና ፀ ለየቅል ናቸው። ላፕቶፔ ላይ አንድ ከሰዓት ሙሉ ያጣሁት ውል «ሥራ» ሳይሆን «ስራ» ተብሎ ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ አንድ ገጽ ደንብ ጻፍን፦ የትኛው ቃል በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ፣ ቀኑም ከፊት ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ እንዲገባ። እንዲህ ከሆነ ዝርዝሩ ራሱ በቅደም ተከተል ይሰለፋል። «ሠ» ላይ ያደረግነው ክርክር ለብቻው አንድ ስብሰባ በላ።

ሰነድና ፒዲኤፍ ለሚበዛበት ትንሽ ቡድን የጋራ ድራይቩን ውሰዱት እላለሁ። ለሁለት ሰው ነፃው ይበቃል፤ ብቻ ፎልደሩን ማን እንደከፈተው እወቁ።

የሄደው ልጅ በትርፍ ሰዓቱ አሁንም ያግዘናል። በግል ጂሜይሉ ጋበዝነው። ማጥፋት እንደማይችል ሲያይ የሳቀው ሳቅ!